ጡረታ ወጥቶ ናሮውቦት ላይ መኖር፦ ከመግዛታችሁ በፊትም ከገዛችሁም በኋላ

ለንደን ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ። ጡረታ ስወጣ ዘመድ ሁሉ አዲስ አበባ ቤት ሠርቼ የምገባ መስሎት ነበር። እኔና ባለቤቴ ግን ናሮውቦት የሚሉትን ጠባብ የብረት ጀልባ ገዛን። አክስቴ በስልክ ስትሰማ «ውሃ ላይ? ምነው ልጄ፣ መሬቱ አለቀ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ የደጋ ሰዎች ወንዝ እንሻገራለን እንጂ ወንዝ ላይ አናድርም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም ለቅሶ ቤትም የሚጠይቀኝ በዛ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ስንት ይፈጃል? አይበርድም? ይበርዳል። ለሁሉም አንድ በአንድ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። የእንግሊዝ ካናሎች አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 19ኛው መጀመሪያ ነው፤ የድንጋይ ከሰልና ሸክላ ለመጫን። ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነበር፤ ዛሬ የምንሄድባት የዳር መንገድ የፈረሱ መንገድ ነች። ውሃው ዳገት ሲገጥመው ጀልባዋን የሚያወጣና የሚያወርድ በር ያለው ገንዳ ተሠራለት፤ ሎክ ይሉታል። የብዙዎቹ ሎኮች ወርድ 2.13 ሜትር ብቻ ስለሆነ ጀልባዋ 2.08 ሜትር ሆነች። የለንደን አውቶቡስ ወርድ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ከነዳሁት አውቶቡስ የጠበበ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው ማለት ነው።

አንድ፦ በህዳር ሞክሩት

ብዙ ሰው በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ሊትል ቬኒስ የሚባለው የለንደን ካናል ሰፈር ሄዶ አበባ የተደረደረባቸውን ጀልባዎች ያይና ልቡ ይሸፍታል። ሐምሌ እዚህ አገር በጋ ነው፤ በበጋ ምን የማያምር ነገር አለ? እናንተ በህዳር ተከራዩ። ክረምት ላይ የሚያከራዩ ጥቂት ድርጅቶች አሉ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ መነሻው ላይ አሳይተው ይለቋችኋል።

አንድ ሙሉ ሳምንት ቆዩ። አሥር ሰዓት ላይ ሲመሽ፣ ጭቃው ጫማችሁ ላይ ሲጋገር፣ ሌሊት ለሽንት ስትነሱ ወለሉ ሲቀዘቅዝ፣ ባልና ሚስት በአንዲት ቀጭን መተላለፊያ «እለፍ፣ አንቺ እለፊ» ስትባባሉ፣ ያኔ ነው መልሱ የሚመጣው። ከዚያ በኋላም ከወደዳችሁት ቀጥሉ።

ሁለት፦ ቤቱን ቶሎ አትልቀቁ

ይህን የምለው በተለይ ለሐበሻው ነው፤ ብዙዎቻችን የምንኖረው የካውንስል ቤት፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤት የተከራየነው ቤት ውስጥ ነውና። የካውንስል ቤት ቁልፍ አንዴ ከመለሳችሁ ደግማችሁ አታገኙትም ብላችሁ አስቡ። «ቤቱን አከራይቼ ጀልባ ላይ እኖራለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ከ2013ቱ ሕግ ወዲህ የካውንስል ቤትን ሙሉ በሙሉ ለሌላ ማከራየት ወንጀል ነው፤ ቤቱም ዋና መኖሪያችሁ መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

የራሳችሁ ቤት ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። አከራዩትና ሁለት ክረምት ጀልባ ላይ እለፉ። ሽጣችሁ ሙሉውን ብር ጀልባ ላይ ማዋልን ግን አልመክርም። ቤት ይወደዳል፤ ጀልባ እንደ መኪና ነው፣ ይረክሳል። ደግሞም ጉልበት አንድ ቀን እምቢ ይላል። ያን ቀን የምትመለሱበት ደረቅ መሬት ያስፈልጋችኋል፤ የልጅ ቤት ሶፋ አልጋ ደግሞ መሬት አይባልም።

ሦስት፦ ሂሳቡን በወረቀት ሥሩ

በ2025/26 ሙሉው አዲሱ የመንግሥት ጡረታ በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር። ሙሉውን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ የ35 ዓመት መዋጮ ይጠይቃል፤ ዘግይተን የመጣን ሰዎች ብዙዎቻችን ጎደሎ ነን። የእናንተን በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ እዩ።

ወጪው ብዙ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወደ 2,000 ማይል የሚሆነውን ካናልና ወንዝ ከ2012 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው፤ ዓመታዊ ላይሰንስ ለእሱ ትከፍላላችሁ። እንደ ጀልባዋ ርዝመት ነው፤ ለ57 ጫማ ጀልባ ከአንድ ሺህ ፓውንድ ይበልጣል። ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። የጀልባ ደህንነት ሰርተፍኬት በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለጀልባ የሚደረግ ቦሎ በሉት። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ ወጥታ ሆዷ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ብላኪንግ ይባላል። ናፍጣ፣ ጋዝ፣ የድንጋይ ከሰል። ከዚያ ደግሞ የሚሰበር ነገር አለ፤ ሁሌም የሚሰበር ነገር አለ። ለእሱ ለብቻው ገንዘብ ያልያዘ ሰው አይጀምር።

ጡረታቸው ትንሽ ለሆነ አንድ ነገር ልጠቁም። ጀልባዋ መኖሪያችሁ ከሆነች የቤት ድጎማው የማሰሪያ ቦታ ኪራይንና ላይሰንስን ሊሸፍን ይችላል። ሳትጠይቁ የሚሰጣችሁ ግን የለም። ማመልከቻው ላይ ቢሮ ውስጥ ያገኘኋት ልጅ «ጀልባ» ስላት ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ተስፋ አትቁረጡ።

አራት፦ የት ታስራላችሁ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቋሚ ማሰሪያ ቦታ ነው፤ ማሪና በሚሉት የጀልባ ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ወይም ካናሉ ዳር። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ብዙው ቦታ የመዝናኛ ነው፣ እንደ ቤት አይኖሩበትም። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ቦታ ጥቂት ነው፣ ይወደዳል፣ ወረፋም አለው። ጀልባውን ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ፈልጉ። እኛ ገልብጠነው ነበር የጀመርነው፤ መጀመሪያ ጀልባ ገዝተን ከዚያ ቦታ ፍለጋ ስድስት ወር ተንከራተትን።

ሁለተኛው ቋሚ ቦታ ሳይኖር መጓዝ ነው። የ1995ቱ ሕግ እንደሚለው ጉዞው የእውነት መሆን አለበት፣ አንድ ቦታ ላይም ከ14 ቀን በላይ አይቆምም፤ በቂ ምክንያት ካለ ብቻ ይራዘማል። ወዲያና ወዲህ እያሉ ሁለት ድልድይ መሀል መመላለስ አያዋጣም። ዓመቱን ሙሉ የተንቀሳቀሳችሁበት ክልል ከ20 ማይል በታች ከሆነ ትረስቱ ጥያቄ ያነሳል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ቦታ የሌለው ጀልባ በላይሰንሱ ላይ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ተጨማሪውም በየዓመቱ ከፍ እንዲል ነው የተወሰነው። በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ማስተካከያ መጠየቅ ይችላል፤ መብት ነው፣ ልመና አይደለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለጡረተኛ የሚሻለው ድብልቁ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ማሪና፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ጉዞ። ትረስቱም ቢሆን ሎኮቹን የሚጠግነው ክረምት ላይ ስለሆነ መንገዱ እዚህም እዚያም ይዘጋል።

አምስት፦ ስትገዙ ቀለሙን ተዉት፣ ሆዷን እዩ

ርዝመት፦ 57 ጫማ፣ ማለትም 17 ሜትር ተኩል ገደማ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰሜን ያሉት አጫጭር ሎኮች አያስገቧትም። ከ50 በታች ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰው ይጣላበታል።

ብረቱን እዩ። አዲስ ስትሠራ ወለሏ 10፣ ጎኗ 6፣ ጣሪያዋ 4 ሚሊሜትር ነው የተለመደው። ዝገት ከውጭም ከውስጥም ይበላዋል። ስለዚህ ጀልባዋን ከውሃ አስወጥቶ ብረቱን በመሣሪያ የሚለካ መርማሪ ቅጠሩ፤ ራሳችሁ ቅጠሩ፣ ሻጩ የሚያመጣላችሁን አትቀበሉ። ውፍረቱ ከ4 ሚሊሜትር በታች የወረደባት ከሆነች ብዙ ኢንሹራንሶች ፊት ይነሷችኋል። እኛ መጀመሪያ ያየናት ጀልባ ኩሽናዋ እንደ ሆቴል ነበር፤ መርማሪው ሆዷን ሲለካ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ዝም አለ። ገባን። ሄድን።

የባለቤትነት መዝገብ እንደ ቤት የለም። የሽያጭ ውል፣ የቀድሞ ደረሰኞች፣ የደህንነት ሰርተፍኬቱ፣ ዕዳ እንደሌለባት የሚገልጽ ጽሑፍ ሳትይዙ ገንዘብ አታስተላልፉ።

ለጉልበታችን ደግሞ አንድ ምክር፦ መግቢያ ደረጃዎቹን አሥር ጊዜ ውጡና ውረዱ። ሰው ፊት አታፍሩ። አልጋው ደግሞ ከሁለቱም በኩል የማይወረድበት ከሆነ ሌሊት የምትነሱት በሰው ላይ ተረማምዳችሁ ነው።

ስድስት፦ መንዳትና ሎክ

የአንድ ወይም የሁለት ቀን ኮርስ አለ፤ አርዋይኤ የሚባለው ማኅበር ያወጣው ነው። ውሰዱት። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ ብዬ ንቄ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ምክንያቱም መሪዋን ወደ ግራ ስትገፏት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ነው የምትሄደው። ደግሞም የምትዞረው ከመሀሏ ነው፤ አፍንጫዋ ወዲህ ሲመጣ ጭራዋ ወዲያ ይሄዳል። ፍሬን የላትም። ወደ 17 ቶን ገደማ ናት፣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብታችሁ እስክትቆም ትጠብቃላችሁ። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 4 ማይል ነው፤ የታሰረ ጀልባ ስታልፉ ከዚያም ታች፣ አለበለዚያ የሰው ሻይ ትደፋላችሁ። ስትተላለፉ ቀኝ ያዙ። ከለንደን መንገድ ጋር ተቃራኒ ነው፤ እኔ እስክለምደው ወር ፈጀብኝ።

አሁን ሎክ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጉልበቱ የሚያመው መሪ ላይ ይቁም፣ ሌላው በሩን ይያዝ። በእኛ ቤት መሪው የባለቤቴ ነው፤ ስለ ጉልበቷ ግን እንዳትጠይቋት።

ወደ ላይ ስትወጡ ገንዳው ባዶ መሆን አለበት። ጀልባዋ ትገባለች፣ የታችኛውን በር በጀርባችሁ ትገፉታላችሁ፤ በእጅ አትታገሉት፣ ወገብ ነው የሚሄደው። ከዚያ ዊንድላስ በሚሉት የብረት እጀታ የላይኛውን የውሃ መክፈቻ ቀስ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ። ግማሹን ብቻ። ጀልባዋ ስትረጋጋ ሌላውን ግማሽ። ውሃው ከላይኛው ጋር ሲስተካከል በሩ በራሱ ላላ ይላል። ውሃው ሳይስተካከል አሥር ሰው ቢገፋው አይከፈትም። ስትወጡ መክፈቻውን አውርዱ፣ በሩን ዝጉ።

ወደ ታች መውረድ ነው አደገኛው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ገንዳው ውስጥ የወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ሲል ይሉታል። ውሃው ሙሉ ሲሆን አይታይም። ጭራችሁ ደረጃው ላይ ካረፈች ውሃው ሲወርድ አፍንጫዋ ብቻዋን ትወርዳለች፣ ጀልባዋ ታዘነብላለች፣ ትሰምጣለች። በደቂቃዎች ውስጥ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጭ መስመር እዩና ሁልጊዜ ከእሷ ወደ ፊት ሁኑ። መሪ ላይ ያለው ሰው ስልክ አያንሳ። በሩ ላይ ያለው ደግሞ ዓይኑን ከጀልባዋ አያንሳ። አንድ ነገር ከተያዘ መክፈቻውን ወዲያው አውርዱ፣ ከዚያ ከላይ ውሃ መልሳችሁ ሙሉ። ገመዱን ምሰሶው ላይ ጠምጥሙት እንጂ አትቋጥሩት፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባዋ ገመዱ ላይ ትንጠለጠላለች።

እጀታውን ሥራ ላይ እንዳለ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ከተፈተለከ ክንድ ይሰብራል። ሁለት ሦስት እጀታ ግዙ፣ ውሃ ውስጥ መግባቱ አይቀርምና። ገመድ የታሰረበት ማግኔትም ያዙ። አሉሚኒየሙን እጀታ ግን ማግኔት አያነሳውም፤ ይህን ያወቅሁት እጀታው ከጠፋ በኋላ ነው።

ጀልባዋ ሞተሩ እየሠራ አልሄድ ካለች ፕሮፔለሩ ላይ የሆነ ነገር ተጠምጥሟል። ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ከዚያ ነው ከኋላ ያለችውን ክዳን ከፍታችሁ እጃችሁን የምትሰዱት። ላስቲክ፣ ሽቦ፣ አንድ ጊዜ የሰው ሱሪ ከነቀበቶው አውጥቻለሁ። ክዳኑን ስትመልሱ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ላልቶ ከቀረ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ውስጥ ይረጨዋል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በአይጥ ሽንት የሚመጣ በሽታ አለ።

ሰባት፦ ኑሮው፣ በተለይ ቡናው

ይህን ክፍል አስተውሉት። ጀልባ ላይ የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ጭስም ይገድላል። ከጭሱም በላይ ከሰል ሲነድ የሚወጣው፣ የማይታየውና የማይሸተው መርዝ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ጀልባ የታሸገ ቆርቆሮ ነው። እኛ ደግሞ ከሰል አቀጣጥለን ቡና እናፈላለን።

ከሰል ያለበት ማንደጃ ጀልባ ውስጥ አይገባም። በር ከፍቼ ቢሆንስ? አይገባም። የፊት በረንዳው ላይ፣ ሸራው ሥር ቢሆንስ? አይገባም። የጠፋ የመሰለ ፍምም ሌሊቱን ሙሉ ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከ2019 ጀምሮ ለደህንነት ሰርተፍኬቱ ግዴታ ነው፤ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ አድርጉ፣ በየሳምንቱ ተጭናችሁ ሞክሩት። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በብርድ ምክንያት በጨርቅ አትድፈኑ።

ቡናውስ? ቡናውን ጋዝ ላይ በር ከፍታችሁ ቁሉት። ጀበናውን ግን ጭስ ማውጫ ያለው የማሞቂያ ምድጃው ላይ ጣዱት። ከህዳር እስከ መጋቢት ምድጃው አይጠፋም፤ የላዩ ብረት ሁሌም ትኩስ ነው። ጀበናዋ እዚያ ላይ ቀስ ብላ ትንተከተካለች፣ መስኮቱ በላብ ይሸፈናል፣ ውጭ ዳክዬ ትጮሃለች። ዕጣን ካጨሳችሁ ትንሽ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሦስተኛ ቡና አያስጨርሳችሁም።

እንጀራ ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባትሪውን ይጠጣዋል፤ ማሪና ላይ ከመሬት ኤሌክትሪክ ስትሰኩ ብቻ ሞክሩት፣ መስመሩ ስንት አምፔር እንደሆነ ጠይቃችሁ። ጉዞ ላይ የማይጣበቅ መጥበሻ በጋዝ ይሠራል፤ ዓይኑ ጥሩ ነው፣ ስፋቱ ግን የሕፃን እንጀራ ነው። የሊጡን ባልዲ ክደኑና ወለል ላይ ጥግ አስይዙት። እኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነው የሎክ ግድግዳ ስንነካ የሦስት ቀን ሊጥ አልጋው ሥር ፈሰሰ። ሽታው እስከ ፋሲካ አብሮን ከረመ።

የቀረው ልማድ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ከዳር ቧንቧ ይሞላል፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመጸዳጃ ቤቱ ተነቃይ ማጠራቀሚያ፣ ካሴት የሚሉት፣ ሲሞላ በተዘጋጀለት ቦታ ይደፋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ትለምዱታላችሁ። በጋ ላይ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ይበቃል፤ ክረምት ላይ ባትሪውን የሚሞላው ሞተሩ ነው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግን አይነሳም። በብርድ ሳምንት ሁለት የ25 ኪሎ ከረጢት የድንጋይ ከሰል ይሄድብናል።

ስምንት፦ ጤናና ወረቀት

ጂፒ፣ ማለትም የሰፈር ሐኪም ጋ፣ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃ የግድ አይደለም። የመድኃኒት ማዘዣችሁን በኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) መተግበሪያ ላይ ፋርማሲ እየቀየራችሁ በደረሳችሁበት ከተማ መውሰድ ትችላላችሁ። ደብዳቤ ልጅ ቤት ይግባ፣ ወይም ፖስታ ቤት ይጠብቃችሁ፤ የአገር ውስጥ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ያቆዩላችኋል።

ባሰራችሁበት ሁሉ የድልድዩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና በሩ ላይ ለጥፉ። አብዛኛው የካናል ድልድይ ቁጥር አለው። ለድንገተኛ አደጋ 999 ስትደውሉ የካናሉን ስም፣ የድልድዩን ቁጥርና በአቅራቢያው ያለውን መንገድ ትናገራላችሁ። ሌሊት ደንግጦ «ካናሉ ዳር ነኝ፣ ዛፍ አለ» የሚል ሰው ማንም አያገኘውም።

ከጀልባ ወደ ዳር አትዝለሉ። እርምጃ ነው። ጀልባዋ ካልደረሰች እስክትደርስ ጠብቁ።

ዘጠኝ፦ የመጀመሪያው መንገድ

ጊዜ የምትገምቱት እንዲህ ነው፦ ማይሉንና የሎኩን ቁጥር ደምሩ፣ ለሦስት አካፍሉ፣ የሚወጣው ሰዓት ነው። ከለንደን በርሚንግሃም የሚወስደው ግራንድ ዩኒየን 137 ማይልና 166 ሎክ አለው። ድምሩ 303፣ ሲካፈል 101 ሰዓት። በቀን አምስት ሰዓት ከሄዳችሁ ሃያ ቀን። በመኪና ሦስት ሰዓት የማይሞላው መንገድ ማለት ነው።

ለጀማሪ ጡረተኛ የምመርጠው ይህንኑ ካናል ነው፤ ቆንጆ ስለሆነ አይደለም። ባቡሩ አጠገቡ ስለሚሄድ ነው። በርካምስቴድ፣ ሌይተን በዛርድ፣ ወልቨርተን፤ ከእነዚህ ሁሉ ለእሁድ ቅዳሴ ባቡር ይዛችሁ ዩስተን ትወርዳላችሁ። የልጅ ልጅ ልደትም አያመልጣችሁም። ዋርዊክ አጠገብ ያሉትን የሃተን 21 ሎኮች ግን ለሁለተኛው ዓመት ተዉት፤ ወይም ጎረምሳ ዘመድ ጋብዙ፣ ክትፎ ብላችሁ። ወደ ዌልስ አቅጣጫ ስትደፍሩ ደግሞ ፖንትካሳልቴ አለ፤ በ1805 የተከፈተ፣ 38 ሜትር ከፍታ ላይ ጀልባ የሚያሻግር የብረት ቦይ። በአንድ በኩል አጥር የለውም። ባለቤቴ መሪውን ለእኔ ለቃ ወጥ የምትሠራው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሎክ ይብቃችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እሰሩ፣ ቦታ እያለ። ካስማውን በመዶሻ አጥብቃችሁ ምቱትና ነጭ የላስቲክ ከረጢት እሰሩበት፣ ማታ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንዳያደናቅፈው።